የባሕር ካያክ ላይ የወገብ መደገፊያ፦ ከፍ ያለ ልሥራ ወይስ ዝቅ ያለ?

አናጢው ከጅማ፦

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ለአገራችን ሰው ትንሽ እንግዳ ነው። ቢሆንም ከእናንተ መካከል ውሃ ላይ የዋለ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት።

የምኖረው ጅማ ነው። እንጀራዬ እንጨት ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ ፈላጊ ሲመጣም ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ እሠራለሁ። እዚህ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ዕቃ እያሠራኝ ተላመድን። ወደ አገሩ ሲገባ የባሕር ካያኩን "ላንተ ይሁን" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ለማታውቁት፣ ረጅምና ቀጭን ጀልባ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር ይሻገራል፣ ወርዱ ግን 60 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ፋይበር ግላስ ነው። መሐሉ ላይ ባለችው ቀዳዳ ትገባና እግርህን ወደ ፊት ዘርግተህ ትቀመጣለህ፤ ከወገብህ በላይ ያለው ብቻ ውጭ ይቀራል። ቀዳዳዋን በቀሚስ ትሸፍናታለህ። ቀሚሱ ወገብህን ይይዝና ጫፉ የቀዳዳዋን ከንፈር ዙሪያውን ይጨብጣል፣ ውሃ አያስገባም። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው።

የምቀዝፈው ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ላይ ነው። ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ ሰርቦን አልፈህ አሰንዳቦ ስትደርስ ውሃው ሩቅ አይደለም። ጓደኛዬ ፒካፕ አለው፤ እላዩ ላይ አስረን እንወጣለን። ጠዋት ውሃው የተኛ ነው። ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ እኔ ወጥቻለሁ። "ጉማሬስ?" ለምትሉ፣ አዎ አለ። ዓሣ አስጋሪዎቹን የት እንደሚውል ሳልጠይቅ አልገባም፤ ካሉኝ ቦታም በጣም ርቄ ነው የማልፈው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወገቤ አለቀ። ገና ብዙ ሳልርቅ ታችኛው ወገቤን ይቆረጥመኛል። ቆየት ሲል ቀኝ እግሬ ከጭኔ ጀምሮ ይደነዝዛል። ስወጣ ጭቃው ላይ ቆሜ ደሙ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ጀልባው መደገፊያ አለው። መዳፍ ተኩል የሚሰፋ የጨርቅ ቀበቶ ነው፣ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ በቡለን ተይዟል። አሁን ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተፈርፍሯል። ማጥበቂያው ጥርስ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ የአንዱ ጎን ጥርስ አልቆ ይንሸራተታል። ስገባ ደግሞ ይታጠፍና ከሥሬ ይገባል። ግድቡ በበጋ ሲጎድል ዳሩ ጭቃ ብቻ ነው። አንድ እግርህ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ እግርህ ጀልባ ውስጥ ሆኖ ቀበቶ የምታቃናበት ፋታ የለም።

ያሰብኩት ይህን ነው። ከዋንዛ፣ እስከ ትከሻ አጥንቴ የሚደርስ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ መደገፊያ ልሥራለት። ወንበር ስሠራ ጀርባውን ጥቂት አጋድመዋለሁ፤ ቀጥ ያለ ወንበር ላይ ማንም ብዙ አይቆይም። ውሃ እንዳይጠጣ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ። ቁመቱ ስንት ይሁን? የት ላይ ልሰረው? ስፖንጅ ልጨምርበት? "ተወው" የሚል ካለም ይበል፣ ግን ምክንያቱን ይንገረኝ።

ቦዬ ማዶ፦

አናጢው፣ ጅማ ባሕር ገባላት እንዴ! እኔ ጉማሬ የማየው ቦዬ ዳር ቆሜ ነው፤ እሱንም ለመሮጥ ተዘጋጅቼ። ወገብህን ካመመህ ሞተር ግጠምለትና ጋደም በልበት። ቁም ነገር የለኝም፣ ፎቶ ግን ልቀቅልን።

የሒርማታ ልጅ፦

አናጢው እንዴት ነህ? እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት ሒርማታ ነው። አሁን ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው የምኖረው። የዚህ አገር ምዕራቡ ዳርቻ በድንጋያማ ደሴቶች የተሞላ ነው። ሙቀት በመጣ ቁጥር ሰው ካያኩን መኪና ላይ ጭኖ ወደዚያ ይወርዳል። እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየወጣሁ ለመድኩት።

ዋንዛውን ለቁም ሣጥን አስቀምጠው። ምክንያቱን ጠይቀሃልና ልንገርህ።

ወንበር የምትሠራው ለሚያርፍ ሰው ነው። ካያክ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሥራ ላይ ነው። የመቅዘፍ ጉልበት ከክንድ አይመጣም። በቀኝ ስትጎትት ቀኝ እግርህ ጀልባው ውስጥ ፊት ለፊትህ ያለውን የእግር መርገጫ ይገፋል፣ ዳሌህ ይከተላል፣ ደረትህ ይዞራል፤ ክንድህ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ከጀርባህ እስከ ትከሻ የቆመ ጣውላ ካለ ደረትህ መዞሪያ ያጣል። ተጋድመህ በክንድህ ብቻ ትጎትታለህ። ወገብህ ሳይሻለው ትከሻህ ይጨመርበታል።

ቀሚሱንም አስብ። መደገፊያው ከቀዳዳዋ ከንፈር በላይ ከወጣ ቀሚሱ በኋላ በኩል አይገጥምም። በግድ ብታስገባው እንኳ ተወጥሮ ስለሚቆይ ማዕበል ሲመታው ይላቀቃል። ላይፍ ጃኬትህም አለ። ጀርባው ወፍራም ስለሆነ ከፍ ያለ መደገፊያ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አንገትጌው አገጭህ ሥር ይገባል። ላይፍ ጃኬት ታደርጋለህ አይደል? ስለ እሱ ምንም አላልክም።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ተገልብጠህ ከወጣህ በኋላ እንዴት ትመለሳለህ? ከቀዳዳዋ ኋላ ባለው የጀልባው ጀርባ ላይ በደረትህ ትወጣለህ። እግርህን ወደ ቀዳዳዋ ትሰዳለህ፣ በሆድህ እየተንሸራተትክ ትገባለህ፣ ከዚያ ተገላብጠህ ትቀመጣለህ። ይህ ሁሉ የሚሆነው መደገፊያው በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጣውላ ከተተከለ ጎድንህን ይመታሃል፣ ላይፍ ጃኬትህን ይይዝብሃል። አንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት ደክሞሃል፣ በርዶሃል። ከጀልባው ሳይወጣ በመቅዘፊያ የሚቃና ሰውም ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ጀርባውን ከቀዳዳዋ ኋላ ባለው የጀልባው ጀርባ ላይ አጋድሞ ነው። እሱም ቦታ ይፈልጋል።

ባለ ረጅም ጀርባ ካያክ አይተህ ሊሆን ይችላል። ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ የሚከራዩት ዓይነት፣ እላዩ ላይ የሚቀመጡበት ሰፊው ነው። ቀዳዳም ቀሚስም የለውም፤ ከወደቅክ ዝም ብለህ ትወጣበታለህ። ያንተ ጀልባ ሌላ ነው።

ስለዚህ የላይኛው ጠርዝ ከቀዳዳዋ ከንፈር አይለፍ። ሰውነትህ ላይ ሱሪህን በቀበቶ የምታስርበት አካባቢ ይያዝህ። ሥራው ዳሌህ ወደ ኋላ እንዳይንከባለል ማገድ ነው፣ አንተን መሸከም አይደለም። እየቀዘፍክ ከሆነ መኖሩን ልትረሳው ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር። መደገፊያውን ከመንካትህ በፊት እግርህን አስተካክል። እዚህም ቢሆን ሰው ሁሉ ከወገቡ ይጀምርና ገንዘቡን ይጨርሳል። ጀልባውን ሣር ላይ አድርገህ ግባ። ዳሌህን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፋ። ከእግር ጣቶችህ ሥር ያለው ሥጋ መርገጫው ላይ ይረፍ፣ ተረከዞችህ ወደ መሐል ይጠጉ። ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ ወደ ውጭ ይከፈት። እግርህ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ መርገጫው ርቆብሃል፤ ዳሌህ ወደ ኋላ ይንከባለላል፣ ወገብህ ይጎብጣል፣ ምንም መደገፊያ አያድንህም። ጉልበትህ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ካለ ደግሞ በጣም ቀርቧል። ስትዝናና የሚላቀቅ፣ ስትፈልግ ጭንህን ወደ ላይ ጭነህ ጀልባውን የምትይዝበት ከሆነ ልክ መጥቷል።

ከዚያ ቀጥ ብለህ፣ እንዲያውም ለምልክት ያህል ወደ ፊት ዘንበል ብለህ ተቀመጥ። ቀበቶውን እስኪነካህ ድረስ ብቻ አጥብቅ። እየገፋህ ከሆነ በዝቷል። መርገጫውን ስትረግጥ ዳሌህ ቀበቶው ላይ ሲያርፍ ከተሰማህ በቃ። እንደዚያው ሆነህ ሬዲዮ እየሰማህ ትንሽ ቆይ፤ ውሃ ላይ ሊቆረቁርህ ያለው ነገር እዚያው ይነግርሃል።

ከሥርህ ለሚገባው መላ አለው። ቀበቶው በጎንና በጎን ብቻ ስለተያዘ ነው የሚታጠፈው። ከጀርባው መሐል ላስቲክ አስረህ ወደ ኋላ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ወዳለ ማሰሪያ ሳበው። ተጭነኸው እንኳ ተመልሶ ይቆማል። ያንተም መጀመሪያ የነበረው ይመስለኛል፤ እስቲ ከመቀመጫው ኋላ ቀዳዳ ፈልግ።

የእግርህ መደንዘዝ ግን የመደገፊያው ጣጣ አይመስለኝም። የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ጭንህን የት ላይ እንደሚነካው እይ።

አናጢው ከጅማ፦

ወንድሜ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ላይፍ ጃኬት አለኝ፣ ሳላደርግ አልገባም። ሚስቴ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

ዛሬ ሱቁን ዘግቼ ጀልባውን ግቢ ውስጥ አወረድኩት። ከመቀመጫው ኋላ እጄን ሰድጄ ስዳብስ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አገኘሁ። አንደኛው ውስጥ የተበጠሰ ላስቲክ ቋጠሮው እንዳለ ተወትፏል፤ ደርቆ በጥፍር ሲነኩት ይፈረካከሳል። ያልከው ሁሉ ልክ ነው።

መርገጫው ደግሞ ጉድ ነው። ፈረንጁ ትከሻው እኔ አናት ላይ ነው። መርገጫው እሱ ባቆመው ቦታ ነው ያለው፤ እኔ የምነካው በጣቶቼ ጫፍ ነው። ሐዲዱ ውስጥ አሸዋና ደለል ገብቶ ነክሶታል። በውሃና በጥርስ ብሩሽ ሳጥበው ቆይቼ ነው የተንቀሳቀሰልኝ። ወደ እኔ ሳቀርበው ገና ቀበቶውን ሳልነካ ወገቤ ቀጥ አለ።

የመቀመጫው የፊት ጠርዝም ሹል ነው። ቀጥ ብሎ ጭኔ መሐል ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እግሬ አየር ላይ ነው።

የቁመቱን ነገር ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። ዝቅ ይበል፣ ግን ለምን ጨርቅ? በርጩማ ስቀርጽ መቀመጫውን የማጎደጉደው ሰውነት እንዲገባበት ነው። ከፎም አንድ ወፍራም ቁራጭ በወገቤ ልክ ቀርጬ ከኋላዬ ባጣብቀውስ? ፎሙስ ጅማ ውስጥ ምን ዓይነት ነው የሚሆነው?

ሰፊው ከመርካቶ፦

አናጢው ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ነኝ። የባጃጅና የሞተር ወንበር ነው የምሰፋው። ስለ ጀልባ አላውቅም፣ ስለ ስፖንጅ ግን ጠይቀኝ።

ለሶፋና ለፍራሽ የሚገባው ስፖንጅ አይሆንህም። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ናቸው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ብትጨምቀውም ቶሎ አይደርቅም። ክረምት ላይ እኔ ዘንድ የሚመጣውን የባጃጅ ወንበር ብታየው ላዩ ላይ ትንሽ ቅድ ነው ያለው፣ ስትከፍተው ግን ሽታው ያስወጣሃል። አንተ የምትፈልገው ጫማ ሠሪዎች ለነጠላ ጫማ ሶል የሚቆርጡትን ጠጠር ያለ ፎም ነው። እያንዳንዱ አረፋ ለብቻው የተዘጋ ስለሆነ ውሃ አይገባውም። መፈተን ቀላል ነው። ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጭነህበት አሳድረው። ጠዋት ጨምቀው፤ ውሃ ካንጠባጠበ ጣለው። ደግሞ በአውራ ጣትህ ተጫነው። የጣትህ ምልክት ቶሎ ከተመለሰ ይበረክታል፣ ተጎድጉዶ ከቀረ ግን ሳይቆይ ይሟሽሻል።

ሉኩ ቀጭን ነው የሚመጣው፣ ደራርበህ ታጣብቀዋለህ። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ በስሱ ቀባ። እጅ መያዝ እስኪተው ጠብቅ፣ ችኮላ አያስፈልግም። ከዚያ አገናኝ። አንዴ ከነካካ አይላቀቅም፤ ስለዚህ ጫፉን አስተካክለህ ነው ከአንድ ጎን እያሳረፍክ የምትሄደው። ፋይበር ግላሱ ላይ የምታጣብቅ ከሆነ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርገው፣ አቧራውን ጥረግ። ይህን እንኳ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሌዘር አታልብሰው። በስፌቱ ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ለማሰሪያ የሻንጣ ናይለን ይሻላል። ክሩም ናይለን ይሁን፣ የጥጥ ክር ይበሰብሳል። ላስቲክ አጥተህ እንዳትጨነቅ፤ የሞተር ሳይክል አሮጌ ካላማዳሪ በቀጭኑ ቁረጥ፣ ከሚሸጠው ይበልጣል።

ፊዚዮዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የሒርማታው ልጅ ስለ እግር ያለው ልክ ነው፤ እኔ ከሰውነት በኩል ልጨምርበት።

አናጢው፣ ቤትዎ ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ። ዳሌዎ ግድግዳውን ይንካ። እግርዎን ሙሉ በሙሉ ይዘርጉ። ጉልበትዎ ካልታጠፈ ቀጥ ብለው መቀመጥ ካቃተዎት ከጭንዎ በስተኋላ ያሉት ጡንቻዎች አጥረዋል። እነዚህ ጡንቻዎች ከላይ ዳሌ አጥንት ላይ፣ ከታች ከጉልበት በታች ነው የሚያያዙት። እግር ሲዘረጋ ዳሌውን ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ወገብ ይጎብጣል፣ ለረጅም ጊዜ ጎብጦ ሲቆይ ያማል። አሁን ጉልበትዎን ትንሽ ያጥፉ፤ ወገብዎ ራሱ ይቃናል። መርገጫውን ሲያቀርቡ ወገብዎ ቀጥ ያለልዎት ለዚህ ነው። ጡንቻውን በየቀኑ ትንሽ ማሳሳብ ይረዳል። አንዱን እግር ዘርግተው ወገብዎን ሳያጎብጡ ከዳሌዎ ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፣ ይቀይሩ። እየዘለሉ መሳብ አያስፈልግም።

መደንዘዙ ከጠርዙ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ጭንን ሲጫን ነርቭንም ደም ሥርንም ይጫናል። ከጭን ሥር የሚገባ፣ ወደ ጉልበት እያደገ የሚሄድ ሽብልቅ ፎም ክብደቱን ያከፋፍለዋል። እየቀዘፉም እግርዎን ከመርገጫው እያነሡ ያንቀሳቅሱ። ነገር ግን ከጀልባው ወጥተው ተራምደውም መደንዘዙ ካልለቀቀ፣ ወይም እግርዎ ከደከመ፣ ይህ የመቀመጫ ጉዳይ አይደለም፣ ይመርመሩ። ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት ከተቸገሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጀልባውን ፒካፑ ላይ ማን ነው የሚጭነው? ረጅም ሰዓት ጎብጦ የተቀመጠ ወገብ ወዲያው ከባድ ነገር ሲያነሣ ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው። ሰው ግን መቀመጫውን ይከስሳል። ከውሃ እንደወጡ ትንሽ ይራመዱ፣ ወገብዎን ቀና ያድርጉ፣ ከዚያ ለሁለት ያንሡት።

አናጢው ከጅማ፦

እኅቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግድግዳው ላይ ሞከርኩት። ልጆቼ እየሳቁብኝ ነበር፤ እኔ ግን ጉልበቴን ሳላጥፍ መቀመጥ አልቻልኩም። ጀልባውን የማነሣው ብቻዬን ነው። ጓደኛዬ ገመዱን ሲያዘጋጅ እኔ በትከሻዬ ብድግ አደርገዋለሁ። ከእንግዲህ እሱም ያነሣል።

የሒርማታ ልጅ፦

ፎም ቀርጾ መግጠም የታወቀ ነው፣ እዚህም የሚሠሩት አሉ። የሚያልቅ ጥርስ የለው፣ የሚዝግ ቡለን የለው። ለአንድ ሰው ከሆነ ከቀበቶ ሊበልጥ ይችላል። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ላንተ ልክ ተቀርጾ ጓደኛህ ሲገባ አይሆነውም። የመርገጫው ቦታ ይቀየራል፣ የተጣበቀ ፎም ግን አይነቃነቅም። ባለ ፒካፑ እኔም ልሞክር ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ በእኔ ፍርድ ቀበቶ ይሻልሃል፤ የሚነካህን ፊቱን ግን እንዳሰብከው ከፎም ቅረጸው።

ሳታጣብቅ በጥብቀት ብቻ የሚቆም ቁራጭ ካደረግክ በገመድ እሰረው። ፎም ይንሳፈፋል። ተገልብጠህ ቀዳዳዋ በውሃ ስትሞላ ወጥቶ ይሄዳል፤ አንተ ያን ጊዜ ጀልባህንና መቅዘፊያህን ነው የምትይዘው።

ምንም ግጠም ምን፣ ከገጠምክ በኋላ መውጣትህን ፈትን። ጓደኛህ አጠገብህ ቆሞ፣ ደረት በሚደርስ ውሃ፣ መጀመሪያ ያለ ቀሚስ ተገልብጠህ ውጣ። ጭንህን የሚይዝ፣ ቀበቶህን የሚጠልፍ ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ነው ከቀሚሱ ጋር። ጉማሬ በሌለበት!

ቦዬ ማዶ፦

ይቺ የመጨረሻዋ ምክር ለእኔ ናት።

አናጢው ከጅማ፦

ትንሽ ጠፍቼ ነበር። ሥራው ይኸውላችሁ።

የተፈረፈረውን ቀበቶ ቀድጄ አየሁት። ውስጡ ስፖንጅ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ቀጭን ፕላስቲክ አለው፣ ቀበቶው እንዳይጨማደድ። የእሱን ምትክ ከአሮጌ ጀሪካን ጎን ቆረጥኩ። የጀሪካኑ ጎን ራሱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ለወገብ ይመጣል። ጠርዙን በሞቀ ውሃ አለስልሼ ወደ ውጭ አጠፍኩት፣ ቆዳ እንዳይቆርጥ። እላዩ ላይ የሶል ፎም ሁለት ሉክ ደርቤ አጣበቅኩ። ከዚያ ቀረጽኩት። ፎም በቢላዋ ሲቆረጥ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል። በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ግን እንጨት መሰለኝ፣ ዱቄቱ ብቻ ነው የሚያስነጥሰው። መሐሉን የጣት ውፍረት ያህል አወጣሁት፣ አከርካሪው የሚያልፍበትን ቦታ ግን በቀጭኑ አጎደጎድኩ። አጥንቱ ፎሙን ሳይነካው ግራና ቀኙ ሥጋ ላይ ያርፋል። የላይኛው ጠርዝ ከቀዳዳዋ ከንፈር ሁለት ጣት ዝቅ ይላል።

ጥርስ ያለውን ማጥበቂያ ጣልኩት። የሻንጣ ማሰሪያ ከነዘለበቱ አደረግኩለት። ተቀምጬ ጫፉን ስስበው ይጠብቃል፣ በአውራ ጣቴ ዘለበቱን ሳነሣው ይላላል። ከኋላ የካላማዳሪ ቁራጭ በሁለቱ ቀዳዳ አሳልፌ አሰርኩት። አሁን ጭቃ ውስጥ ቆሜ ስገባ ቀበቶው ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ።

ሽብልቁን ከተረፈው ፎም ሠራሁ። ከመቀመጫው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ጉልበቴ ይወጣል። እሱን በማስቲሽ አጣበቅኩት፣ ሥሩ ግን ለውሃ መውረጃ ቦይ ተውኩለት። አለበለዚያ ከመቀመጫው ኋላ ውሃ ይተኛል።

አሰንዳቦ ወስደን ሞከርነው። እግሬ አልደነዘዘም። ወገቤ ደክሞታል፣ እውነቱን ለመናገር፤ ግን ያ ቁርጥማት የለም። የሚገርመው ከቀበቶው ይልቅ ሆዴና ጎኔ ነው ማታ ያመመኝ። የሒርማታው ልጅ፣ ይህ ደረት ማዞር ያልከው መሆን አለበት። ባለ ፒካፑም እንዳልከው ገባበት። እሱ ከእኔ ወፍራም ነው፣ ማሰሪያውን አላልቶ መርገጫውን ገፍቶ ተስተካከለለት። ተገልብጦ መውጣቱንም ሞክረናል፤ ምንም አልያዘኝም፣ አፍንጫዬ ውስጥ የገባው ውሃ ነው የቀረኝ።

የቀረኝ ቡለኖቹ ናቸው። ቀበቶውን ከመቀመጫው ጆሮ ጋር የሚያያይዙት ሁለቱ ዝገው አንገታቸው ተበልቷል። ለጊዜው ከብረታ ብረት ሱቅ የገዛሁትን ተራ ቡለን አስገብቻለሁ። ይኸው ከአሁኑ ቢጫ ውሃ ማውረድ ጀመረ። የፋይበሩ ቀዳዳ ዙሪያም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ምን ላድርግ?

የሒርማታ ልጅ፦

ሆድህና ጎንህ ካመመህ ቀዝፈሃል ማለት ነው። ይለቅሃል።

ስንጥቋ የመጣችው ቡለኑ በትንሽ ቦታ ስለሚጫን ነው። በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ አድርግ። በሮንዴላውና በፋይበሩ መሐል ደግሞ ከካላማዳሪው ክብ ቆርጠህ አስገባ። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን፣ ሳይላላ ይቆያል፤ ስለዚህ አጥብቀህ መጨፍለቅ አያስፈልግህም። ስንጥቋ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ምልክቱን ካለፈች ከኋላ በኩል በፋይበርና በሬዚን አንድ ንጣፍ ይጨመርበታል። የመኪና ባምፐር የሚጠግኑ ይሠሩልሃል። ቡለኑ የማይዝግ ብረት ካልሆነ ግን በየጊዜው እየቀየርክ ነው የምትኖረው።

ሰፊው ከመርካቶ፦

የማይዝገው አለ። ብረታ ብረት ሱቅ ከጠየቅክ ተራውን ነው የሚሰጡህ። የቡና ማሽን የሚጠግን ልጅ ከእኔ ሁለት በር አልፎ ነው ያለው፣ እሱ ጋ በየመጠኑ አይቻለሁ። ርዝመቱን ለማመሳሰል የዛገውን ይዘህ ና። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ክፍት ነኝ።